ለአከራይ ዓመቱ 12 ወር የለውም

ቤት ገዝቶ ለማከራየት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የወሩን ኪራይ በ12 ያበዛና ለቤቱ ዋጋ ያካፍለዋል። የሚወጣው ቁጥር ደስ ይላል፤ ግን ያ ገንዘብ ሙሉውን የማንም አከራይ ኪስ ገብቶ አያውቅም። በመካከል ቤቱ ባዶ ይቆማል፣ ቧንቧ ያፈሳል፣ ቀለም ይላላጣል፣ ግብር ይደርሳል። ስለዚህ እዚህ ገቢውንም ወጪውንም የምለካው በወር ኪራይ ነው። በየትኛውም ገንዘብ ቢያስቡ ይሠራል፤ አንድ ውሳኔ ስንት ወር እንደሚበላም ቶሎ ያሳያል።

የአንድ ቤት ዋጋ የ200 ወር ኪራዩ ነው እንበል። 12 ለ200 ሲካፈል 6 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ጥቅል ገቢው ነው። አሁን እንቀንስ። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ለሚያልፈው ጊዜና ሳይከፈል ለሚቀር ኪራይ በዓመት አንድ ወር ይያዝ። ለጥገና በዓመት የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ መመደብ የተለመደ ግምት ነው፤ በዚህ ቤት ሁለት ወር ማለት ነው። ግምቱ እንደ ቤቱ ይለያያል፤ ከዋጋው አብዛኛው የመሬቱ ከሆነ 1 በመቶው ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል፣ ቤቱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ አይበቃም። ለመድን፣ ለንብረት ግብርና ለጋራ አገልግሎት መዋጮ ግማሽ ወር እንጨምር። ከ12ቱ የቀረው 8 ወር ተኩል ነው። በሌላ በኩል ለስም ማዛወሪያ፣ ለደላላ፣ ለመጀመሪያ እድሳት የ16 ወር ኪራይ ቢወጣ የገባው ገንዘብ 200 ሳይሆን 216 ይሆናል። 8.5 ለ216 ሲካፈል 3.9 በመቶ ነው። ቤቱን ለሰው አስተዳድርልኝ ብለው ከሚሰበሰበው 11 ወር 10 በመቶ ቢከፍሉ ወደ 3.4 ይወርዳል። የገቢ ግብር ገና አልተነካም።

ይህን ቁጥር ቀድሞ ማወቅ ትልቁ ጥቅሙ ብድር ላይ ነው። ከዋጋው ግማሹን፣ የ100 ወር ኪራይ ያህሉን፣ በዓመት 6 በመቶ ወለድ ተበድረው ቢገዙ ወለዱ ብቻ 6 ወር ይወስዳል። ከ8 ተኩሉ የሚተርፈው 2 ወር ተኩል ነው። ከራስዎ ያወጡት 116 ስለሆነ ትርፉ በመቶ 2.2 ገደማ ነው፤ ያለ ብድር ግን 3.9 ነበር። ብድር ገቢን የሚያሳድገው ወለዱ ከቤቱ የተጣራ ገቢ ሲያንስ ብቻ ነው። ወለዱ ከበለጠ፣ የተበደሩት እያንዳንዱ ሳንቲም ከራስዎ ድርሻ እየቆረሰ ይሄዳል፤ ቀሪው ተስፋ የቤቱ ዋጋ ይጨምራል የሚለው ብቻ ነው። በዚያ ተስፋ መግዛት ይቻላል፣ ግን የኪራይ ገቢ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው። ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነ ከ6 ወደ 8 በመቶ ቢያድግስ ብለው ደግመው ያስሉ። በዚህ ቤት ወለዱ ከ6 ወደ 8 ወር ይወጣል፤ የሚተርፈው ግማሽ ወር ብቻ ነው፤ ዋናው ብድር ደግሞ ገና አልተከፈለም።

አፓርታማ የሚገዛ ሰው ከግዢው በፊት የነዋሪዎቹን ማኅበር የቅርብ ዓመታት ቃለ ጉባኤ ጠይቆ ያንብብ። ሊፍት፣ ጣሪያ፣ የጋራ የውሃ ፓምፕ ሊቀየር ተወስኖ ከሆነ መዋጮው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአዲሱ ባለቤት ላይ ነው። ሻጩ ይህን ሳይጠየቅ ላይናገር ይችላል። የመጀመሪያው ተከራይ ሳይገባም ከ3 እስከ 6 ወር ኪራይ የሚሆን ገንዘብ በተለየ ሒሳብ መቀመጥ አለበት። ቦይለርና የውሃ ፓምፕ የሚበላሹት ኪራይ በገባበት ሳምንት ብቻ አይደለም።

ኪራዩን ስንት ልበል?

እዚህ ላይ ብዙ አከራይ የሚከስረው በእልህ ነው። አንድ ባዶ ወር የዓመቱ 8.3 በመቶ ነው። ተከራይ መጥቶ 5 በመቶ ቀንሱልኝ ቢልና እምቢ ብለው በፈለጉት ዋጋ የሚገባ ሰው ለማግኘት አንድ ወር ቢጠብቁ፣ ቅናሹ በዓመት የሚያሳጣዎት 0.6 ወር ነበር፤ መጠበቁ ግን አንድ ሙሉ ወር ወሰደ። ውሉ የሁለት ዓመት ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ በ24 ወር 5 በመቶ ማለት 1.2 ወር ነውና አንድ ወር መጠበቁ ያዋጣል። ስለዚህ ቅናሽ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚመልሱት ጥያቄ «ውሉ ለስንት ጊዜ ነው?» የሚለው ነው። ከተቻለ ቅናሹን ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ሰጥተው የሁለተኛውን ዓመት ዋጋ ከአሁኑ በውሉ ያስፍሩ።

በጭማሪም ያው ነው። በደንብ የሚከፍል ተከራይ ላይ 10 በመቶ ቢጨምሩ በዓመት 1.2 ወር ያገኛሉ። ጭማሪው ካስወጣው ግን ባዶ ወሩ፣ ቀለሙ፣ የደላላው ክፍያ ተደምሮ ከሁለት ወር በላይ ሊሄድ ይችላል። ይህ ማለት ፈጽሞ አይጨመርም አይደለም። ለአምስት ዓመት ሳይነኩ ቆይቶ በአንዴ 40 በመቶ መጫን ተከራዩን ያስወጣል፤ በየዓመቱ በትንሹ፣ በውል በተጻፈ ቀመር፣ ከሁለት ከሦስት ወር በፊት ተነግሮ የሚመጣ ጭማሪ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ጭቅጭቅ ያልፋል። የጭማሪ ጣሪያና የማስታወቂያ ጊዜ በሕግ የተወሰነበት አገር ብዙ ስለሆነ ቀመሩን ከመጻፍዎ በፊት ሕጉን ይመልከቱ።

ተከራይ መምረጥ

ባዶ ቤት ያስጨንቃል፤ ያ ጭንቀት ያልተጣራ ሰው ያስገባል። የማይከፍል ተከራይ ከባዶ ቤት ይከፋል፤ ባዶውን ቢያንስ ነገ ማከራየት ይቻላል። ገቢውን በማስረጃ ይዩ፤ ኪራዩ ከገቢው ሲሶ ገደማ እስካልበለጠ ድረስ ጤነኛ ነው። ምስክር ሲጠይቁ አሁን ካለበት ቤት ባለቤት ይልቅ ከዚያ በፊት ያከራየውን ያነጋግሩ። የአሁኑ አከራይ ሰውዬው እንዲወጣለት ከፈለገ ከማመስገን ወደኋላ አይልም፤ የቀድሞው ግን የሚያተርፈው የለም። ጥያቄዎቹም አጭር ይሁኑ፦ በወቅቱ ይከፍል ነበር? ቤቱን በምን ሁኔታ አስረከበ? ደግመው ያከራዩታል? ለሦስተኛው የሚሰጡት መልስ ከሁለቱ ይበልጣል። መመዘኛውን አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ለሁሉም አመልካች እኩል ይጠቀሙ። ሰው የሚመዘነው በገቢው፣ በአከፋፈል ታሪኩና በነዋሪው ብዛት እንጂ በትውልዱ ወይም በሃይማኖቱ አይደለም፤ ይህ ከሕግም በፊት የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ሙሉውን ዓመት በቅድሚያ እከፍላለሁ፣ ቤቱን ግን ማየት አያስፈልገኝም የሚል ሰው ሲመጣ መደሰት ሳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ቤቱን ለሌላ ሊያከራይ ወይም ለመኖሪያ ያልሆነ ሥራ ሊያውል ይችላል።

ውሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦ የሚኖሩት አዋቂዎች ሁሉ ስምና ፊርማ፣ ለሌላ ማከራየት መከልከሉ፣ አከራዩ ለጥገና ሲመጣ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ እንደሚያሳውቅ፣ መያዣው (ተከራዩ ሲገባ ያስያዘው ገንዘብ) በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ፣ የትኛውን ብልሽት ማን እንደሚጠግን። የመጨረሻውን «ጥቃቅን ጥገና በተከራይ» ብሎ መተው ጭቅጭቅ ይጋብዛል። አምፖል፣ የተዘጋ ሲፎን፣ በተከራዩ የተሰበረ መስታወት በተከራይ፤ በግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧና ሽቦ፣ ጣሪያ፣ ቦይለር በአከራይ ተብሎ በስም ይጻፍ።

በርክክቡ ዕለት ደግሞ ቪዲዮ ይቅረጹ። ክፍሉን በአጠቃላይ አሳይቶ ማለፍ አይበቃም። እያንዳንዱ ቧንቧ ሲከፈት፣ ሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቅ፣ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የምድጃው ውስጥ፣ የቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ቁጥር ይታይ። የዕቃ ዝርዝሩን ሁለታችሁም በየገጹ ፈርሙ። ተከራዩ ደግሞ ሲኖርበት የሚያገኘውን እንከን በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲጨምር ዕድል ይስጡት። በሩጫ በተደረገ ርክክብ ያልታየ ስንጥቅ ሲወጣ የመያዣ ክርክር ይሆናል።

ውሃ፣ እርጥበት፣ ኤሌክትሪክ

ከጥገና ሁሉ ቤት የሚያፈርሰው ውሃ ነው፤ እሱም ድምፅ ሳያሰማ። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ያፈሳል። ቤቱ ተከራይ በሌለበት ጊዜ ይህን ይሞክሩ፦ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፣ ሁለት ሰዓት ጠብቀው ደግመው ያንብቡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ነገር አለ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽንት ቤቱ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተው ጥቂት የምግብ ቀለም ይጨምሩ፤ 15 ደቂቃ ውሃ ሳይለቁ ይቆዩ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ከታች ያለው ጎሚኒ (ውሃውን የሚይዘው የጎማ መዝጊያ) አልቋል ማለት ነው። ጎሚኒው ርካሽ ነው፣ ለመቀየርም ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ካልተቀየረ ግን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ሊያፈስ ይችላል። ሽንት ቤቱ ደህና ከሆነ የእያንዳንዱን ክፍል መዝጊያ ቫልቭ ተራ በተራ እየዘጉ ቆጣሪው የሚቆምበትን ይፈልጉ።

ግድግዳ ላይ ሻጋታ ሲወጣ አከራዩ «መስኮት አይከፍቱም» ይላል፣ ተከራዩ «ቤቱ ያፈሳል» ይላል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ስለሚችሉ መለየት ያስፈልጋል። ቡናማ ክብ ጠርዝ ያለው እድፍ ከላይ የሚመጣ ፍሳሽ ነው። ከወለሉ ተነስቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚወጣ፣ ነጭ ጨው የሚተፋና ቀለሙን የሚያላልጥ እርጥበት ከመሬት ነው የሚወጣው። በማዕዘን፣ በመስኮት ዙሪያና በቁም ሣጥን ጀርባ የሚታይ ጥቁር ነጠብጣብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትንፋሽ፣ ከምግብ ማብሰልና ከልብስ ማድረቅ የመጣ እንፋሎት ነው። ጥርጣሬ ከቀረ ከሁለት መዳፍ የማያንስ ፎይል አራቱንም ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ አጥብቀው ለጥፈው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተዉት። እርጥበቱ በፎይሉ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው ውስጥ ይመጣል፤ ፊቱ ላይ ከሆነ ግን ከክፍሉ አየር ነው። ለመጀመሪያው ቧንቧ ሠሪ ወይም ግንበኛ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው መታጠቢያ ቤት ላይ አየር ማውጫ ማስገባት፣ ዕቃን ከግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ የክፍሉን እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ማድረግ ይበቃል። ምክንያቱ ሳይነቀል በቀለም መሸፈን ገንዘብ መጣል ነው፤ ሻጋታው በአዲሱ ቀለም ላይ ተመልሶ ይወጣል። በበረኪና የሚያጸዱ ከሆነ መስኮት ይክፈቱ፤ ከአሲድም ሆነ አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የረጠበ ምንጣፍና እንጨት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል፤ ስለዚህ ተከራይ ማታ ደውሎ ውሃ ፈሰሰ ሲል እስከ ቅዳሜ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

ኤሌክትሪክ ላይ አደገኛው ነገር ቸርነት የሚመስል ጥገና ነው። ብሬከሩ በየጊዜው ይጥላል ብሎ ተከራዩ ያማርራል፤ ሠራተኛው የ16 አምፔሩን አውጥቶ 25 ወይም 32 ያስገባል፤ መጣሉ ይቆማል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ብሬከሩ ግን የሚጠብቀው ሽቦውን ነበር። 16 አምፔር በ220 ቮልት 3,520 ዋት ነው። በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ 2,000 ዋት የክፍል ማሞቂያና 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ከተሰካ ሥራውን ሠርቶ መጣሉ ነው። በትልቅ ሲተካ ለሶኬት የተዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ብሬከሩ ሳይጥል በግድግዳው ውስጥ መጋል ይጀምራል። መፍትሔው ለምድጃና ለቦይለር ከ4 እስከ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ፣ እንደ ዕቃው ኃይል ተሰልቶ፣ የራሳቸውን መስመር ከነብሬከራቸው መስጠት ነው። ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ መስመሩን የሚያቋርጠው የ30 ሚሊአምፔር መከላከያ ከሌለ ይግባ፤ ካለም ቴስት የሚለውን ቁልፍ በየሦስት ወሩ ተጭነው ማቋረጡን ያረጋግጡ። ተጭነውት ካላቋረጠ የለም ብለው ይቁጠሩት።

ቦይለር ላይ ሁለት ነገር አይዘለልም። አንዱ ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚለቀው ቫልቭ ነው። ስለሚያንጠባጥብ ብለው የሚደፍኑት ሰዎች አሉ፤ ይህ ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል። ሁለተኛው በውስጡ ያለው የማግኒዥየም ዘንግ ነው፤ ታንኩን ከዝገት የሚያድነው እሱ ራሱ እያለቀ ስለሆነ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይታይ። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ከዚያ በጣም ሲያንስ በውሃው ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ካለ ጭሱ ወደ ውጭ መውጣቱን በዓመት አንዴ በባለሙያ ያስፈትሹ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይስቀሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተከራዩ ተኝቶ ሳለ ይገድላል።

ኪራይ ሲዘገይ

ዝምታ ዕዳን ያሳድጋል። በመክፈያው ቀን ማግስት አጭር የጽሑፍ ማስታወሻ ይላኩ፣ በትሕትና። በሦስተኛው ቀን ይደውሉ። በሰባተኛው ቀን ቀሪውን ገንዘብና የመጨረሻ ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጡ፣ ቅጂውን ያስቀምጡ። ችግሩ ጊዜያዊ ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት ተከፍሎ የሚከፈልበትን ስምምነት ይጻፉ፤ የዘገየው ከአዲሱ ወር ኪራይ ጋር እየተጨመረ ይከፈል። በከፊል የተቀበሉት ገንዘብ ደረሰኝ ላይ የየትኛው ወር እንደሆነ ይጻፍ። ካልተጻፈ ተከራዩ የሰኔን ከፍያለሁ ይላል፣ እርስዎ የግንቦት ነው ይላሉ፣ ዳኛውም የሚይዘው ነገር ያጣል። የቱንም ያህል ቢናደዱ ቁልፍ መቀየር፣ ውሃና መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት አይሞከርም። በብዙ አገር ሕገወጥ ነው፤ በትክክለኛ ክስ ይዘው የነበሩትን መብት በአንድ ቀን ያጣሉ።

ሲወጣና ሌላ ሲገባ

ከመያዣው የሚቆረጠው ጉዳት እንጂ እርጅና አይደለም። ጉዳትም ሲሆን በቀረው ዕድሜ ልክ ይሰላል። ቀለም ሦስት ዓመት ያገለግላል ካልን፣ ተከራዩ ሁለት ዓመት ኖሮ ግድግዳውን ቢያበላሽ ሊጠየቅ የሚገባው የአዲሱን ቀለም ሲሶ ነው። ሙሉውን የሚያስከፍል አከራይ የሁለት ዓመት ቀለም በነፃ እየወሰደ ነው፤ ተከራዩም ይህን ያውቃል። የቆረጡትን ከነፎቶውና ከነደረሰኙ ዘርዝረው በተባለው ቀን ቀሪውን ይመልሱ።

ባዶውን ወር የሚያሳጥረው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ተከራዩ እወጣለሁ እንዳለ፣ ከመውጫው ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው አብረው ቤቱን ይዩ። የሚጠገነውን ይጻፉ፣ ሠራተኞቹን በቀን ይያዙ፣ ማስታወቂያውን ያውጡ። በወጣበት ዕለት ቆጣሪ ያንብቡና ፎቶ ያንሱ። በማግስቱ ግድግዳ የሚያስቆፍሩት ይግቡ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ። ቀጥሎ የተቆፈረው ይደፈን፣ በደንብም ይድረቅ፤ በእርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይነፋል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ለመድረቅ አራት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ ትንንሹን ቀዳዳ በጂፕሰም መድፈን ይሻላል። ከዚያ ቀለም። አራት በአራት የሆነ፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው 43 ካሬ ሜትር ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 39፣ ሁለት እጅ ሲቀባ 78። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ካዳረሰ 8 ሊትር ይበቃል። የሚታጠብ ዓይነት ይሁን፤ የቀለሙን ቁጥር በቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ይጻፉት፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ግድግዳ ብቻ ቀብቶ ለማለፍ ይጠቅማል።

ሲሊኮን ከቀለም በኋላ ነው፤ ቀለም በሲሊኮን ላይ አይዝም። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ልጠው፣ ቦታውን አድርቀው ይሙሉት፤ ለ24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ጽዳት የመጨረሻው ይሁን፣ ፎቶውም ከጽዳት በኋላ በቀን ብርሃን ይነሳ። የበሩ ሲሊንደር (ቁልፉ የሚገባበት ክፍል) የሚቀየረው ሠራተኞቹ ሁሉ ጨርሰው ከወጡ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተቀየረ አዲሱ ቁልፍ በቀለም ቀቢውም በቧንቧ ሠሪውም እጅ ያልፍና መቀየሩ ትርጉም ያጣል።